የአባቴ ፒካፕ ሂተር

አምባ ጊዮርጊስን አልፌ ወደ ገደብዬ ስጠጋ፣ የኅዳር ብርድ ከጉልበቴ በታች ሲይዘኝ፣ እጄን ሰድጄ የሂተሩን መክፈቻ እስከ መጨረሻው ጎተትኩትና ያ ሽታ መጣ፤ የአሮጌ አቧራ፣ የገብስ እብቅ፣ የፈላ የራዲያተር ውኃ ጣፈጥ የሚል ሽታ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የአባዬን ካፖርት የሚመስል፣ ምን እንደሆነ ለይቼ ልነግራችሁ የማልችለው አንድ ነገር። ሽታው መጣ እንጂ ሙቀቱ አልመጣም። ከቀዳዳው የሚወጣው አየር የበሽተኛ ትንፋሽ ነው የሚመስለው፤ ለብ ይላል፣ እሱም መዳፍ ካስጠጉበት ነው። እግሬማ የለም ብትሉኝ አምናለሁ።

የግብርና ባለሙያ ነኝ። መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን ከጎንደር እየተነሳሁ የወገራንና የዳባትን የገብስ ማሳ አያለሁ፤ ቢሮው መኪና ባጣ ጊዜ ደግሞ በራሴ እሄዳለሁ። የራሴ የምላት ይቺ ባለ አንድ ጋቢና ፒካፕ ባለፈው ክረምት አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የቀረች ናት። ሽጫት ያላለኝ ሰው የለም፤ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም፣ ቢሮ ያሉትም። እኔ ግን ከባሌ ከተለያየሁ የቆየሁ፣ ልጅ ያልወለድኩ፣ አርባ አምስትን ያለፍኩ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ ስንት ማንኪያ እንደሆነ በልምድ የማውቅ ሴት ነኝና፣ ቢያንስ መንገድ ላይ የምታንኳኳልኝ መኪና ትኑረኝ ብዬ እምቢ አልኩ። ዝምታን ለለመደ ሰው የአሮጌ መኪና ጩኸት ቀላል ወግ አይደለም።

እናቴ የሞተችው ገና ነገር ሳልለይ ነው። አባቴ ሞገስ፣ ሰው ሁሉ አያ ሞገስ የሚለው፣ በዚህችው ፒካፕ ከጎንደር ሸቀጥ ጭኖ በደባርቅ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲአርቃይ ያደርሳል፤ ሲመለስ ከደባርቅና ከዳባት ድንችና ገብስ ይዞ ይገባል። እኔን የሚተውበት ቤት ስላልነበረው ይዞኝ ይሄድ ነበር። አንድ እግሯ በገበያ፣ አንድ እግሯ በመንገድ፣ ሴት ልጅ ጋቢና ውስጥ ታድጋለች ወይ ብለው የሰፈሩ ሴቶች ሲያሙት ይሰማል፤ ሰምቶም አይመልስም። አባቴ ሰው ሲያናድደው ጺሙን አከክ አከክ ያደርግና ኮፈን ከፍቶ ሞተር የሚያይ ሰው ነበር። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር።

ጋቢናዋ ቤቴ ነበረች ብል ውሸት አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በየከተማው መግቢያ ካለው ሰሌዳ ላይ ነው፤ የዳባትን «ዳ» ከሁሉም ፊደል በፊት አውቄ፣ «ሀ»ን ያወቅሁት ከእሷ በኋላ ነው። እግሬ ወለሉን ስለማይነካ አባዬ የታጠፈ ጆንያ ከእግሬ ሥር ያደርግልኛል፤ ምሳችንን ከሂተሩ ቀዳዳ ፊት አስቀምጦ «እስኪ ታሙቅልን» ይላል፤ እሷም አታሞቅም፤ እኛም የቀዘቀዘውን እየበላን፣ ጥፋቱ የምግቡ ይመስል፣ ሽሮውን እንወቅሳለን። ሲመሽ ደባርቅ ደርሰን ከአንድ የአባዬ ወዳጅ ቤት እናድራለን። እኔ ግን ከየትኛውም ቤት ይልቅ ያችን ጋቢና እወድ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ዓለም የሁለታችን ብቻ ትሆናለችና።

ችግሩ ብርዱ ነበር። የወገራ ብርድ አሳስቆ እንደሚወስድ ውኃ ነው፤ ፀሐዩ ቦግ ብሎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰውን አዘናግቶ ደረት ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ ደረቴ ደካማ ነበር፤ ሳል ከያዘኝ ወር አይለቀኝም። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ኮላ ድባ የምትኖረው አክስቴ እታገኝ፣ በየበዓሉ በመጣች ቁጥር ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ ትሰማና «ይቺን ልጅ ለእኔ ስጠኝ፤ ደንቢያ ሞቃት አገር ነው፣ ትምህርት ቤትም አለ፤ አንተ በዚህች በረዶ ቤት እያንገላታህ ትገድላታለህ» ትለዋለች። አባዬም «ሂተሯን ላሠራና ታያለሽ» ይላል። ይህ በሁለቱ መካከል የተቆረጠ ነገር ሆነ። ሂተሯ ከሠራች ከአባቴ ጋር እቀራለሁ፤ ካልሠራች ኮላ ድባ እሄዳለሁ። እኔ ይህን ከበር ጀርባ ሆኜ ሰምቼ፣ ሕይወቴ በዚያች ቀዳዳ ላይ እንደተንጠለጠለ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የአባቴ ሥራ ሂተሯን መመርመር ሆነ። መጀመሪያ ነፋሷ ደከመ ተባለና የነፋስ መንፊያዋን ፈታ፤ ውስጡ አይጥ ከገብስ ጭድ የሠራችው ጎጆ ተገኘ። ጠርጎ ገጥሞ በደስታ ሲከፍታት የተረፈው እብቅ ሁሉ ፊታችን ላይ ተበተነና፣ ከወለቃ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሁለታችንም እያስነጠስን ሄድን። ነፋሱ በረታ፤ ቀዝቃዛውም አብሮ በረታ። ቀጥሎ ውኃው መካከል አየር ገብቷል የሚል ሰው መጣና፣ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርጎ አቁሞ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ሞተሩን እያስነሳ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩን እስኪተፋ ቆመን ጠበቅን። ተፋ። ለውጥ የለም። ከዚያ ትንሿ ራዲያተር፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው፣ በዝገት ተደፍናለች ተባለና አወጣት፤ ሎሚ ጨምቆ በውኃ በጥብጦ አሳድሮ፣ እንደ ገንቦ እየናጠ አጠባት። የወጣው ዝገት ቀይ አፈር ይመስል ነበር። ገጠማት፤ ያው ለብታ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። አክስቴ ለሳሌ ብላ ጸበል በጀሪካን ልካ ነበር፤ እኔ ጠጥቼ ተጠምቄ የተረፈውን መድፋት ነውር ሆነበትና፣ አባዬ ግራ ቀኙን አይቶ፣ አማትቦ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረው። «እንግዲህ ለሁለታችሁም ይሁን» አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ ሁለታችንም በጽሞና ጠበቅናት። ዳባት ስንደርስ እጁን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ቆየና ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

አንድ የሚያግዝ ነገር ግን ነበር፤ የሊማሊሞ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው። ደጋው ላይ ሲወጡ ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን ይሸጉጣሉ፤ ነፋሱ ሞተሩን እንዳያቀዘቅዘው። ያን ጊዜ ሂተሯም ትንሽ ነፍስ ትዘራለች። ዳገት ሲሆን ደግሞ ካርቶኑን ያወጣሉ፤ አለበለዚያ ውኃው ይፈላል። አባዬ ከአዲአርቃይ ስንመለስ ሊማሊሞን ጨርሰን ደባርቅ አፋፉ ላይ ሳንደርስ ካርቶን አስገብቶ አያውቅም ነበር። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ግን እኔ ገና ከታች ጀምሮ ሳል ያዘኝ፤ ከንፈሬ ሲጠቁር አየና ሕጉን ጣሰ፤ የዳገቱ መጠምዘዣዎች ሳይጀመሩ ወርዶ ካርቶኑን ሸጎጠልኝ። እግሬ ሞቀ። እንዲያ ሞቆኝ አያውቅም ነበር፤ ሳቅሁም። እኩሌታው ላይ ሞተሩ ፈላ። ኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ሲፍለቀለቅ ቆምን፤ ጭጋጉ ከገደሉ ወጥቶ ዋጠን፤ ዝናቡም ተከተለ፤ በሩ በደንብ አይገጥምም ነበርና በአንዱ ጎኔ ረጠብኩ። ሞተሩ እስኪበርድ አባዬ በካፖርቱ ጠቅልሎ አቅፎኝ ተቀምጦ «አይዞሽ፣ አሁን ትነሳለች» ይላል፤ ልቡ ግን ጆሮዬ ላይ ድው ድው ሲል እሰማዋለሁ።

ጎንደር ስንገባ የሳንባ ምች ይዞኝ ነበር። ሆስፒታል ተኛሁ። ስነቃ አክስቴ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣለች፤ አባዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ክርክር አልነበረም። ስድን ልብሴ ተቋጥሮ ወደ ኮላ ድባ ሄድኩ። አባዬ ሲሰናበተኝ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቴ አስተካክሎ «ሂተሯ የሠራች ዕለት መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ። አባቴ ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ጠበቅሁ።

የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ አጥሩ እሮጣለሁ። እሱም ወር በገባ ቁጥር ይመጣል፤ ስኳር፣ ደብተር፣ አንዳንዴ ከረሜላ ይዞ። «ሠራች?» እለዋለሁ። «ትንሽ ቀርቷታል» ይላል። ያች «ትንሽ» አላልቅ አለች። ክረምቱ አለፈ፤ ሌላው መጣ። እኔም ቀስ በቀስ፣ መቼ እንደሆነ ሳላውቀው፣ መጠየቅ ተውኩ። ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ ከጎረቤት ሁለት ጓደኞች አገኘሁ፤ ሳሌም ለቀቀኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እዚያው አደግሁ፤ ከአባቴም ጋር እንደ እንግዳና እንደ አስተናጋጅ ሆነን ቀረን። እሱ ይመጣል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ሲያረጅም ጎንደር ያለችው አንድ ክፍሉ ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ከተማው ማዶ በተከራየሁት ቤት፣ በበዓል በበዓል እየተጠያየቅን ኖርን። ሁለታችንም ዝምተኞች ነበርን፤ ዝምታው ከየት እንደመጣ አልተጠያየቅንም። እኔ ለራሴ አንድ መልስ ነበረኝ፦ ሂተሯ አልሠራችም።

እንግዲህ በዚህ ኅዳር፣ እግሬ ደንዝዞ ከዳባት በተመለስኩ ማግስት፣ አዘዞ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ወሬኛ ሰው ነው፤ ኮፈኑን ሳይከፍት «ትንሿ ራዲያተር ትቀየር» አለ። እኔ ግን በመንገድ ሁሉ የሙቀት መቁጠሪያዋ መርፌ ከታችኛው መስመር አለመነሳቷን፣ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ መተኛቷን አይቼ ነበርና ነገርኩት። አሰብ አደረገና፣ የላይኛው የውኃ ጎማ ከሞተሩ የሚገናኝበትን ቡሎን ፈታ። ጣቱን አስገብቶ ውስጡን ዳበሰ። ከዚያ ሳቀ።

«የሊማሊሞ ሹፌር መኪና ናት እንዴ?» አለኝ። «ቴርሞስታት የላትም እኮ፤ አውጥተውታል።»

ቴርሞስታት ማለት በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ክዳን ናት፤ ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ይዛ ታቆየዋለች፣ ሲሞቅ ትለቀዋለች። የድሮዎቹ የሊማሊሞ ሹፌሮች መኪና እንደገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት እሷን ነቅሎ መጣል ነበር አለኝ፤ ሞተር ታንቃለች፣ ዳገት ላይ ታፈላለች ብለው። እሷ ከሌለች ውኃው ሳያርፍ ይዞራል፣ ሳይሞቅም ይመለሳል፤ ሂተሩም የሚያገኘው ለብታ ብቻ ነው። የቀድሞ ባለቤቷ ነቅሏት ኖሮ፣ አባቴ መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ ያልነበረች ስለሆነች አባቴ ያለውን ሁሉ ሲፈታ ኖረ፤ የሌለን ነገር ማን ይጠረጥራል? አዲስ አስገባልኝ። ሞከርኳት፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳልደርስ ጋቢናው እንደ ዳቦ ቤት ሆነ። ዳር ይዤ ቆምኩና ሹራቤን አወለቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ልጅነቴን የወሰደችብኝ እንዲህ ያለች መዳፍ የማትሞላ ብረት ናት ብዬ ነው ያለቀስኩት። ተናድጄም ነበር፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ ልነግራት አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ጓሮ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሽምብራ በእጇ እየዳበሰች ትለቅማለች። የቴርሞስታቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ አባዬ ምስኪን ምክንያቱን ሳያውቅ ሞተ አልኳት። ጣቷን ከሽምብራው ላይ አነሳች።

«ምነው ልጄ፣ ያውቅ ነበር እኮ» አለችኝ። «መጋቢት ላይ ጋቢና ውስጥ ያላበሽን ረሳሽው?»

እንዴት እረሳዋለሁ፤ በየድግሱ ሳወራው የኖርኩት ቀልድ ነው። መጠየቅ በተውኩበት ዓመት፣ የኮላ ድባ ፀሐይ አናት በሚበሳበት መጋቢት፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አባቴ ከደጅ ቆሞ ጠበቀኝና «ነይ ግቢ» አለኝ። ገባሁ። በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ጠምዝዞ ወደ ላይ አወጣ፣ ሂተሯን እስከ ጥግ ከፈተ። እሳት ነው የወጣው። እሱ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ላቡ በጺሙ እየወረደ፣ ፈገግ ብሎ ፊት ፊቴን ያየኛል፤ አንድ ነገር እንድለው ይጠብቃል። እኔም «አባዬ ምነው እንዲህ ትሞቃለች፤ አውርደኝ፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» አልኩት። ሳቀና ከፈተልኝ። ዘልዬ ወርጄ ወደ ጓደኞቼ ሮጥኩ። ስመለስ ምሳ ሳይበላ ሄዷል። አባቴ በኮላ ድባ ፀሐይ ሂተር የሚከፍት ሰው ነበር እያልኩ ስንት ሰው አስቄበታለሁ።

«አዘዞ አንድ ሹፌር ነግሮት አስገባው» አለች አክስቴ። «ብቻውን ዳባት ወጥቶ ሞከረው፤ ላብ አጠመቀኝ አለኝ፤ ከዚያ ዳገት ላይ ከምታፈላብኝ አዲአርቃይን ትቼ ከደባርቅ እመለሳለሁ፣ ያገኘሁትን እሠራለሁ አለ። ልብሷን ቋጥሪልኝ፣ ልጄን ልወስዳት ነው አለኝ። ቋጥሬ ከበሩ አጠገብ አስቀምጬልሽ ነበር። እሱ ግን ስትወርጂ አየሽ። ከልጆቹ ጋር ስትሮጪ ቆሞ አየሽ። ሳል የለ፣ ምን የለ። በል እንጂ ጥራት አልኩት። ተያት፣ ደህና ናት አለኝ። ያስገባኸውስ አልኩት። አወጣዋለሁ፣ እሷ ከሌለችበት ሙቀቱ ለማን ነው አለ።»

ሽምብራዋን መልቀም ቀጠለች። ዘጠኝ ዓመት ላልሞላት ልጅ፣ ይህ ሙቀት አባትሽ ነው፣ ከወረድሽ ወረድሽ ብሎ የሚነግራት ማን ነው? ማንም። እሱም አልነገረኝም፤ እስኪሞት ድረስ፣ ያን ቀልድ እሱ ባለበት ስናገረው እንኳ፣ ከሰው ጋር አብሮ ይስቅ ነበር። እኔ አባቴን ያጣሁት ሂተሯ አልሠራ ብላ ነው ስል፣ ለካ ሠርታለች፤ መጥታለች፤ ደጄ ላይ ቆማ ነበር። ብሄድ ኖሮ ምን እንሆን ነበር? ምናልባት እንደገና ታምሜ እሞት ነበር። ምናልባት ደግሞ እሱን የማውቅ ሴት እሆን ነበር፤ ምን እንደሚያስቀው፣ እናቴን በምን እንደሚያስባት፣ ማታ ማታ ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚል። አሁን የማውቀው ካፖርቱን ነው፣ ጺሙን ነው፣ የኮፈን አከፋፈቱን ነው።

ሰኞ ሥራ ነበረብኝና ወደ ዳባት ወጣሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ውርጩ ማሳውን አንጥቶታል፤ ጋቢናው ውስጥ ግን ሙቀቱ ከእግሬ ተነስቶ እስከ አንገቴ መጣ፣ መስታወቱም ጠራ። ዞር ብዬ አጠገቤ ያለውን ወንበር አየሁት። ሁለት ሰው በደንብ ይይዛል ጋቢናው። አባዬ ያን ሁሉ ዘመን በብርድ ሲነዳ ዞር ባለ ቁጥር የሚያየው ይህንኑ ባዶ ቦታ ነበር።